«እሺ» አደጋ የሚሆነው መቼ ነው? በሥራ ቦታ በግልጽ መነጋገር ለምን ይከብዳል?

በብዙ መሥሪያ ቤቶች እውነተኛው ስብሰባ የሚጀምረው ስብሰባው ካበቃ በኋላ ነው። አዳራሽ ውስጥ «ጥያቄ ያለው አለ?» ሲባል አንገቱን ደፍቶ የቆየ ሁሉ፣ ኮሪደር ላይ ወይም ቡና እየጠጣ ዕቅዱ ለምን እንደማይሠራ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ያንን ትንታኔ መስማት የነበረበት ሰው ግን በቦታው የለም።

የዚህ ዓይነቱ ዝምታ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የተጓተተ ሥራ፣ የተበላሸ ሂሳብ ወይም የሻከረ ግንኙነት ነው። በአንዳንድ ሙያዎች ግን ዋጋው የሰው ሕይወት ይሆናል። በሥራ ቦታ የሚደረግ ንግግርን አጥብቀው ከመረመሩትና ሥርዓት ካበጁለት ሙያዎች መካከል አቪዬሽንና ሕክምና ግንባር ቀደም የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሙያዎች የደረሱበት ነገር ለቢሮ፣ ለፋብሪካ፣ ለሆቴልና ለግንባታ ሥፍራም ይሠራል።

ከአብራሪዎች ክፍል የተገኘ ትምህርት

በአውሮፓውያኑ መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔን የካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ በተሸፈነ መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። እስከ ዛሬ በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ከደረሱ የአውሮፕላን ግጭቶች ሁሉ ይህን ያህል ሰው የቀጠፈ የለም።

የምርመራው ውጤት ያሳየው የሞተር ብልሽት ወይም የክንፍ መሰበር አልነበረም። የኬኤልኤም አውሮፕላን ለመነሳት እየተንደረደረ ሳለ፣ የበረራ መሐንዲሱ የፓን አም አውሮፕላን መንደርደሪያውን ለቆ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ። ዋና አብራሪው በእርግጠኝነት መለሱለት። እሳቸው በአየር መንገዱ እጅግ የተከበሩ የአብራሪዎች አሠልጣኝ ነበሩ፤ ጥያቄው ሁለተኛ ጊዜ አልተነሳም።

በመቆጣጠሪያ ማማውና በአውሮፕላኑ መካከል የነበረው የሬዲዮ ልውውጥም አሻሚ ነበር። ተቆጣጣሪው ከንግግሩ መጀመሪያ ላይ የተጠቀማት «ኦኬ» የምትል ቃል በአንድ በኩል «ሰምቼሃለሁ» ማለት ናት፤ በሌላ በኩል «ተፈቅዶልሃል» ተብላ ልትወሰድ ትችላለች። ቀጥሎ የመጣው «ጠብቅ» የሚለው መልእክት ደግሞ በሬዲዮ ጣልቃ ገብነት ምክንያት በግልጽ አልተሰማም።

ከአደጋው በኋላ የሬዲዮ አነጋገር ደንብ ተጠናከረ። «መነሳት» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ አብራሪዎችም «እሺ» ብለው ከማለፍ ይልቅ የተሰጣቸውን ትዕዛዝ መልሰው እንዲናገሩ ተደረገ።

ከቴነሪፍ አደጋ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1978፣ በአሜሪካዋ ፖርትላንድ አንድ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ዋና አብራሪው ሐሳባቸው በማረፊያ ጎማዎቹ ችግር ላይ ተጠምዶ ነበር። ባልደረቦቻቸው ነዳጁ እየቀነሰ መሆኑን ቢያነሱም፣ የነገሩን አጣዳፊነት በሚያስረዳ ቃል ግን አልተናገሩም።

በ1979 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ችግሩን አነጋገረ። ከዚያ የተወለደው ሥልጠና ዛሬ በመላው ዓለም ይሰጣል፤ ይዘቱም ባጭሩ ሲቀመጥ ሁለት ነው፦ ረዳቱ ስጋቱን በግልጽ እንዲናገር፣ ዋናው ደግሞ እንዲያዳምጥ።

ችግሩ ግን የሌላ አህጉር ብቻ አይደለም። በግንቦት 2007 ከካሜሩን ዱዋላ ወደ ናይሮቢ የተነሳ የኬንያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና እንደተነሳ ተከስክሶ የተሳፈሩት 114 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የካሜሩን መርማሪዎች ካስቀመጧቸው ምክንያቶች አንዱ በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ቅንጅት አለመኖሩ ነው። ዋና አብራሪው የ52 ዓመት፣ ረዳቱ ደግሞ የ23 ዓመት ሰው ነበሩ።

ዝምታው ከየት ይመጣል?

በአካባቢያችን ቋንቋዎች ክብር በሰዋስው ውስጥ ተሠርቶ ያለ ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ገና አፉን ሲከፍት «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መምረጥ ግድ ይለዋል። በታንዛኒያ ወጣቱ ታላቁን «ሺካሞ» ብሎ እጅ ይነሳል፤ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበለዋል። ሥራው ገና ሳይነሳ ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ ተወስኗል።

በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው፤ «አላውቅም» ማለት ያሳፍራል፤ «አይሆንም» ማለት ደግሞ ግንኙነትን እንደ መቁረጥ ይቆጠራል። ስለዚህ «እሺ» የምትለው ቃል ብዙ ሸክም ትሸከማለች። «ተስማምቻለሁ»፣ «ሰምቻለሁ»፣ «አልገባኝም ግን አፍሬያለሁ»፣ «አላደርገውም ግን ላስቀይምህ አልፈልግም» ማለት ሁሉ ልትሆን ትችላለች። የኬንያና የታንዛኒያ ሠራተኛ «ሃኩና ሺዳ»፣ የሶማሊያና የሱዳን ሠራተኛ «ኢንሻአላህ» ሲሉ አዲስ የመጣ አለቃ የሚገጥመው ፈተናም ተመሳሳይ ነው።

ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ኼርት ሆፍስቴዴ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአይቢኤም ሠራተኞች ላይ ባካሄደው ሰፊ ጥናት፣ የበታቾች የሥልጣንን እኩል አለመከፋፈል ምን ያህል እንደሚቀበሉ ለመለካት ሞክሯል። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ቋት ተጠቃለው ከ100 ገደማ 64 ነጥብ ተሰጣቸው፤ በአለቃና በበታች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው ማለት ነው።

አራት አገሮችን፣ በውስጣቸውም በርካታ ብሔረሰቦችን በአንድ ቁጥር መወከል ትችት ያስነሳል። ቁጥሩ የማያሳየው ሌላ እውነትም አለ፤ በዚሁ አካባቢ በአደባባይ የመከራከር ጠንካራ ባህል መኖሩን።

በቀድሞው የኢትዮጵያ የፍርድ ሥርዓት ባለጉዳዮች በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ዳኛው ፊት ቆመው ፊት ለፊት ይሟገቱ ነበር። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ በቦረና የሚካሄደው የጉሚ ገዮ ጉባኤም መሪዎች የሚገመገሙበትና ሕግ የሚታይበት መድረክ ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ የባንክ ሥራ አስኪያጁና ጥበቃው እኩል ድምፅ አላቸው።

በእነዚህ መድረኮች ሁሉ ሰዎች በድፍረት የሚናገሩት መከባበር ስለቀረ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚናገር ደንብ ስላለ፣ የተናገረም በመናገሩ ብቻ ስለማይቀጣ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የጎደለው ይህ ደንብ ነው።

ብዙ ስህተት የሚመዘግበው ጥሩው ቡድን ነው

የሃርቫርድ ፕሮፌሰሯ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ ተማሪ ሳለች በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን አጠናች። የጠበቀችው የተግባቡና ጥሩ መሪ ያላቸው ቡድኖች ጥቂት ስህተት እንደሚኖራቸው ነበር። መረጃው ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ በእነዚህ ቡድኖች የተመዘገበው ስህተት ይበልጣል።

ምሥጢሩ ከጊዜ በኋላ ተገለጠ። እነዚህ ቡድኖች የበለጠ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች ነርሶች ቁጣንና ቅጣትን ፈርተው ዝም ይላሉ። ኤድመንድሰን በ1999 ባሳተመችው ጥናት በቡድን ውስጥ ጥያቄ መጠየቅ፣ ስህተትን ማመንና የተለየ ሐሳብ ማቅረብ አያስቀጣም የሚለውን የጋራ እምነት «ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት» ብላ ገለጸችው።

ይህ ለአለቆች ከባድ መልእክት አለው። ቅሬታና ስህተት የማይሰማበት መሥሪያ ቤት ጤነኛ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሁሉም መደበቅን የተማረበት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና የማረጋገጫ ዝርዝር ከዚህ ሐሳብ ጋር ይገናኛል። ዝርዝሩ 19 ነጥቦች ብቻ ያሉት አንድ ገጽ ነው። ከነጥቦቹ አንዱ፣ የታካሚው ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያሉ ባለሙያዎች ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ያዝዛል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በስሟ የተጠራችና ድምፅዋ አንድ ጊዜ የተሰማ ነርስ፣ ኋላ ላይ ችግር ስታይ ለመናገር ይቀላታል ከሚል መነሻ የመጣ ነው።

ዝርዝሩ በስምንት የዓለም ከተሞች ተሞክሯል፤ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ነበረች። በ2009 በወጣው ውጤት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የነበረው የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ የከባድ ጉዳቶች መጠን ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል።

ይሁንና በ2014 ከካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት 101 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ መረጃ፣ ዝርዝሩ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ብዙ ባለሙያዎች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና በእርግጥ መነጋገር የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

አክብሮት እንደ ድክመት ሲታይ

ሠራተኛና አለቃ ከተለያየ ባህል ሲመጡ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ከእስያ በመጡ ኃላፊዎች ሥር ሠርተዋል። በመካከላቸው ሲዳምኛ፣ አማርኛና የተሰባበረ እንግሊዝኛ አለ። አንዱ በማሽን ጩኸት መካከል ለመሰማት ድምፁን ሲያሰማ፣ ሌላዋ በሰው ፊት እንደተሰደበች ትቆጥረዋለች። መልስ ከመስጠት ይልቅ በማግሥቱ መቅረትን ትመርጣለች፤ መቅረቷም በኃላፊው ዘንድ እንደ ስንፍና ይመዘገባል።

በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንም ሌላ ገጽታውን ያውቁታል። በዚያ «ዱግሪ» የሚባል፣ ሐሳብን ያለ ማለሳለሻ ፊት ለፊት የመናገር ልማድ አለ፤ ተመራማሪዋ ታማር ካትሪኤል በ1986 መጽሐፍ ጽፋበታለች። በኢትዮጵያ ያደገ ሰው ግን ታላቅን ወይም ባለሥልጣንን ዓይን ዓይኑን አያይም፤ ሲጠየቅም በአጭሩና በትሕትና ይመልሳል። ይህ ሰው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ፣ በአስተዳደጉ የተማረው ጨዋነት በጠያቂዎቹ ዘንድ በራስ አለመተማመን ወይም የሚደብቀው ነገር ያለው ሊመስል ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ የእስራኤላዊው ወይም የጀርመናዊው አለቃ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል አጭር አስተያየት ሥራውን ብቻ የተመለከተ ሆኖ ሳለ፣ ሰሚው የተናቀ ያህል ሊሰማው ይችላል። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ባህሉን እንዲጥል ማስገደድ አይደለም። ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት «እኔ ስህተት ሳይ በቀጥታ እናገራለሁ፤ አንተስ እንዴት ቢነገርህ ትመርጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ቂም ያስቀራል።

ታላቅን ሳያዋርዱ መናገር

በአቪዬሽን ሥልጠና የሚሰጥ አንድ አካሄድ አምስት እርከኖች አሉት፦ ሰውየውን በአክብሮት መጥራት፣ ስጋትን መግለጽ፣ የታየውን መናገር፣ መፍትሔ ማቅረብ፣ በመጨረሻም መልስ መጠየቅ። አካሄዱ ከ«እርስዎ» ጋር አይጣላም።

የታካሚዋን ካርድ ያነበበች አንዲት ነርስ «ዶክተር፣ ካርዱን አይተውታል?» ብትል ፍንጭ ሰጠች እንጂ አልተናገረችም። እንዲህ ብትል ግን ይለያል፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ። ይህ መድኃኒት አሳስቦኛል። ካርዱ ላይ ታካሚዋ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ተጽፏል። ሌላ እስኪመረጥ ባንሰጣት ይሻላል እላለሁ። ይስማማሉ?» ክብሩ እንዳለ ነው፤ መልእክቱ ግን ሊሳት አይችልም። የመጨረሻዋ ጥያቄም ሐኪሙ ሳይመልስ እንዳያልፍ ታደርገዋለች።

ከባልደረባ ጋር በሚፈጠር ቅያሜ ደግሞ ጠባይን ትቶ ድርጊትን መናገር ይረዳል። «አንተ ኃላፊነት አይሰማህም» የሚል ንግግር ሰውየውን ወደ መከላከል ይገፋዋል። «ሪፖርቱ ሰኞ ይደርሰኛል ብዬ ጠብቄ ረቡዕ ደረሰኝ፤ ደንበኛው እኔን ወቀሰኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚዘገይ ከሆነ ቀድመህ ትነግረኛለህ?» የሚለው ግን የተፈጸመውን፣ ያስከተለውንና የሚፈለገውን ለይቶ ያስቀምጣል። ሰውየው ሊከራከርበት የሚችለው ነገር ካለም ቀኑ እንጂ ማንነቱ አይደለም።

ይህ ንግግር በሁለት ሰዎች መካከል፣ ሌላ በሌለበት ቢደረግ ይመረጣል። በጋራ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተጻፈ ወቀሳ ፊትም፣ የድምፅ ቃናም የለውም፤ ሃያ ሰው አንብቦታል፤ ተወቃሹም ከስህተቱ ይልቅ ውርደቱን ያስታውሳል።

«እሺ»ን በተመለከተም የአብራሪዎቹ ልማድ ይጠቅማል። ትዕዛዝ የተቀበለ ሰው «እሺ» ብቻ ከማለት «እሺ፤ ሦስቱን ደረሰኞች ዛሬ እስከ 10 ሰዓት ለፋይናንስ አደርሳለሁ» ቢል አለመግባባቱ ካለ እዚያው ይታያል። አለቃም «ገባህ?» ብሎ ከጠየቀ የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜም «አዎ» ነው። «ከየት ልትጀምር አሰብክ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን የገባውንና ያልገባውን ያውቃል።

ትልቁ ሸክም የማን ነው?

«ሠራተኞች በድፍረት ይናገሩ» የሚል ምክር ብቻውን ኢፍትሐዊ ነው። የሥራ ውሉ በወር በወር የሚታደስለት ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ዝም የሚለው ፈሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡን ሠርቶ ነው። ቢናገር የሚያጣውን ያውቃል፤ የሚያገኘውን ግን አያውቅም። ያንን ሂሳብ መለወጥ የሚችለው ሥልጣን ያለው ነው።

አንዳንዶቹ እርምጃዎች ገንዘብ አይጠይቁም። ሰብሳቢው የራሱን አቋም መጨረሻ ላይ ቢያቀርብ ሌሎቹ የሚያስተጋቡት ነገር ስለማይኖር የራሳቸውን ይናገራሉ። ንግግሩ ከአዲሱ ሠራተኛ ቢጀምርም ታናሹ ታላቁን የመቃረን ፈተና አይገጥመውም። «ጥያቄ ያለው አለ?» ከማለት «ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ ምክንያቱ ምን ይሆናል? ሁላችሁም አንድ አንድ ንገሩኝ» ማለት ተቃውሞን ከድፍረት ወደ ግዴታ ይቀይረዋል።

መግባባት ግን የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት፣ በሐዋሳ ፓርክ የነበረው የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አመልክቷል። በዚህ ክፍያ ሥራ ለሚለቅ ሰው የጎደለው የአለቃው ጥሩ አነጋገር ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ስድብ፣ ማስፈራራትና ጾታዊ ትንኮሳም የ«አለመግባባት» ጉዳዮች ሳይሆኑ የሕግ ጉዳዮች ናቸው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት የፈጸመበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 በሥራ ዓለም የሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳን ይከለክላል፤ ስምምነቱን ቀድመው ካጸደቁ አገሮች አንዷ ሶማሊያ ናት።

ከእነዚህ ውጪ ባለው ሰፊ የዕለት ተዕለት ግንኙነት ውስጥ ግን አንድ መሥሪያ ቤት የሚፈተነው መጥፎ ዜና ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ሰው በሚያገኘው ምላሽ ነው። የተሰበረውን ማሽን፣ የጎደለውን ገንዘብ ወይም የተሳሳተውን ደብዳቤ ራሱ መጥቶ የተናገረ ሠራተኛ በቁጣ ከተቀበሉት፣ የሚማረው እሱ ብቻ አይደለም። በሩ ላይ ሆነው የሰሙት ሁሉ ተምረዋል። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ምን እናድርግ?» ከተባለም እንደዚያው ሁሉም ይማራሉ፤ ቀጣዩ ችግርም ገና ትንሽ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል።